የተወረወረ ድንጋይ ለምን ወዲያው አይወድቅም?

በአገራችን ፊዚክስ የተማረ ሰው ሁሉ፣ ወድዶም ሆነ ሳይወድ፣ በደብተሩ ላይ የጻፋት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። «የውጭ ጉልበት ካላረፈበት በቀር፣ የቆመ ነገር እንደ ቆመ፣ የሚንቀሳቀስም ነገር በቀጥታ መስመርና በማይለዋወጥ ፍጥነት እንደ ተንቀሳቀሰ ይኖራል» የምትለው ናት። የኒውተን አንደኛ ሕግ ትባላለች። በእንግሊዝኛም ተጻፈች በአማርኛ ከሁለት መስመር ብዙ አትበልጥም። መምህሩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፎ፣ ተማሪው ገልብጦ፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ትታለፋለች። በፈተና ላይ ስሌት የሚወጣው ከሁለተኛው ሕግ ስለሆነ፣ ስሌት የሌላትን ይህችን የመጀመሪያዋን ብዙ የሚጨነቅባት የለም።

ይሁንና ይህች የሁለት መስመር ዓረፍተ ነገር በሰው ልጅ አእምሮ ውስጥ ስፍራ እስክታገኝ ድረስ ሁለት ሺህ ዓመት ያህል ፈጅቶባታል። ክርክሩ ከአቴና ተነሥቶ፣ በእስክንድርያ በኩል አልፎ፣ በፋርስ ከተሞች ሰንብቶ፣ ፓሪስ ላይ ተማሪ ቤት ገብቶ፣ ጣሊያን ውስጥ በእጅ ሥራ ተፈትኖ ነው ለንደን ማተሚያ ቤት የደረሰው። በመንገዱም ላይ ለአክሱም ወደብ ለአዱሊስ ጎረቤት የሆነበት ጊዜ ነበር።

እኔ የፊዚክስ ሊቅ አይደለሁም፤ ዲፕሎማዬም የጋዜጠኝነት ነው። ጋዜጠኛ ግን አንድ ነገር ሲነገረው «ማን አለው? መቼ አለው? ማንን ለመቃወም አለው?» ብሎ መጠየቅ ሙያው ነው። ይህንኑ ጥያቄ ለአንድ የፊዚክስ ሕግ ባቀርብለት ምን ይመልስልኝ ይሆን ብዬ መጻሕፍት ሳገላብጥ ያገኘሁት ታሪክ ለአንባቢ ቢደርስ የሚጠቅም ሆኖ ታየኝ። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዓይኑ ያየውን ያመነ ሊቅ

ነገሩ የሚጀምረው ከአሪስቶትል ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ384 እስከ 322 የኖረው ይህ ግሪካዊ ሊቅ ስለ እንቅስቃሴ ያስተማረው ትምህርት ዛሬ በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ ለመሳቂያ ነው። «ከባድ ነገር ከቀላሉ ቀድሞ ይወድቃል ብሎ ተሳሳተ፤ ጋሊሊዮ አረመው» ይባልና ይታለፋል። ይህ ፍርደ ገምድልነት ነው። አሪስቶትል ዓይኑን የጨፈነ ሰው አልነበረም። እንዲያውም ችግሩ ዓይኑ ያየውን በሙሉ ማመኑ ነው።

እስቲ እኛም እንደ እሱ እንመልከት። ገበሬው በሬዎቹን ሲያቆም ሞፈሩ ይቆማል። አህያዋ ስትቆም ጭነቱ ይቆማል። በምድር ላይ የምናየው ግዑዝ ነገር ሁሉ ገፊ ወይም ጎታች እስካለው ድረስ ይሄዳል፤ ገፊው ሲለየው ያርፋል። አሪስቶትል ከዚህ ተነሥቶ በምድር ላይ ያለውን እንቅስቃሴ ለሁለት ከፈለው። አንደኛው ተፈጥሯዊ ነው፤ ድንጋይ ወደ ታች፣ እሳት ወደ ላይ፣ እያንዳንዱ ወደ ገዛ ስፍራው ይሄዳል። ሁለተኛው የግድ እንቅስቃሴ ነው፤ ድንጋይን ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን ማስኬድ ማለት ነው። ለዚህኛው አስገዳጅ ያስፈልጋል፤ አስገዳጁም ከሚያስገድደው ነገር ጋር መነካካት አለበት።

ይህን የመሰለ የተያያዘ ትምህርት የሚፈታተን አንድ ተራ ነገር ግን ነበረ፤ የተወረወረ ድንጋይ። በማማ ላይ ቆሞ ማሽላ የሚጠብቅ ልጅ ወንጭፉን አሽከርክሮ ሲለቅ፣ ድንጋዩ ከወንጭፉ ከተለየ በኋላ የሚገፋው ማን ነው? ልጁ እዚያው ማማው ላይ ነው፤ ወንጭፉም በእጁ ነው። ድንጋዩ ግን ወፎቹ ዘንድ እስኪደርስ ይከንፋል። አሪስቶትል ጥያቄውን አልሸሸም። የሚገፋው አየሩ ነው አለ። ወርዋሪው ድንጋዩን ሲያንቀሳቅስ በአጠገቡ ያለውን አየርም የማንቀሳቀስ ችሎታ ያሲዘዋል፤ ያ አየር ለሚቀጥለው፣ የሚቀጥለውም ለሌላው እያቀበለ ድንጋዩን ይሸኙታል፤ ቅብብሉ ሲደክም ድንጋዩ ይወድቃል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው ደግሞ ይህ ነው። አሪስቶትል «ፊዚካ» በተባለው መጽሐፉ ውስጥ ምንም ነገር የሌለበት ባዶ ስፍራ ሊኖር አይችልም ብሎ ሲከራከር፣ ከማስረጃዎቹ አንዱ እንዲህ የሚል ነው፤ ባዶ ስፍራ ቢኖር ኖሮ፣ በዚያ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር እዚህ ይቁም እዚያ ይቁም የሚያሰኝ ምክንያት ስለሌለ፣ የሚበረታ ነገር ካላስቆመው በቀር ለዘለዓለም ሲሄድ ሊኖር ነው፤ ይህ ደግሞ የማይሆን ነገር ነው። አንባቢ ሆይ፣ ይህንን ከላይ ከጠቀስነው የኒውተን ሕግ ጋር አስተያየው። ሊቁ ሕጉን በገዛ እጁ ጽፎታል፤ የጻፈው ግን አያድርገውና እንዲህ ከሆነማ ለማለት ነበር። እውነቱ በእጁ ገብቶ ሳለ ዓይኑ ስላላየው ብቻ መልሶ ጣለው።

ድካም ወዳዱ ዮሐንስ

ስለ አየሩ የተሰጠው መልስ ከስምንት መቶ ዓመታት በላይ ቆይቶ አንድ የእስክንድርያ ሰው እጅ ላይ ወደቀ። ዮሐንስ ፊሎፖኖስ ይባላል። ከ490 ገደማ እስከ 570 ገደማ የኖረ ክርስቲያን ነው። «ፊሎፖኖስ» በግሪክኛ ድካም ወዳድ፣ ታታሪ ማለት ነው። ፍልስፍናን የተማረው ክርስቲያን ካልነበረው መምህር ከአሞንዮስ ዘንድ ሲሆን፣ ራሱን የሚጠራው ግን ፈላስፋ ብሎ ሳይሆን የሰዋስው ሰው ብሎ ነበር። በ517 በአሪስቶትል «ፊዚካ» ላይ ትርጓሜ ጻፈ። አጻጻፉ የትርጓሜ ቤት ተማሪ የሚያውቀው ዓይነት ነው፤ ንባቡ ይቀድማል፣ ማብራሪያው ይከተላል። ልዩነቱ ፊሎፖኖስ አብራርቶ አለማብቃቱ ነው። ንባቡን ይሞግተዋል።

ሙግቱ ሲጠቃለል እንዲህ ይላል። ድንጋዩን የሚነዳው አየሩ ከሆነ፣ እጅና ወንጭፍ ምን ያደርጋሉ? ድንጋዩን በአንድ እንጨት ጫፍ ላይ አስቀምጣችሁ ከበስተኋላው ያለውን አየር በፈለጋችሁት መሣሪያ ሁሉ ግፉት፤ ድንጋዩ አንድ ክንድ እንኳ አይሄድም። እንግዲያውስ አየሩ ረዳት ሳይሆን እንቅፋት ነው። ድንጋዩን የሚወስደው ወርዋሪው ራሱ በድንጋዩ ውስጥ ያሳደረበት፣ አካል የሌለው አንቀሳቃሽ ኃይል ነው፤ ይህም ኃይል እየተመናመነ ሄዶ ሲያልቅ እንቅስቃሴው ያበቃል።

ስለ ውድቀትም የጻፈው አለ። ክብደታቸው እጅግ የሚበላለጥ ሁለት ነገሮችን ከአንድ ከፍታ ብትለቁ፣ የመድረሻቸው ጊዜ እንደ ክብደታቸው ሲበላለጥ አታዩም፤ ልዩነቱ በጣም ትንሽ ነው ይላል። ይህ የተጻፈው ጋሊሊዮ ከመወለዱ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ አስቀድሞ ነው።

በዚህ ዘመን በእኛ በኩል በአክሱም ዙፋን ላይ የነበረው ንጉሥ ካሌብ ነው። ፊሎፖኖስ ትርጓሜውን ከጻፈ ስምንት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ525 ገደማ፣ ካሌብ ወደ ሒምያር ለመዝመት ሲሰናዳ፣ አንድ የእስክንድርያ ነጋዴ አዱሊስ ወደብ ላይ ነበረ። በኋላ ኮስማስ ኢንዲኮፕሌውስተስ እየተባለ የተጠራው ሰው ነው። የአዱሊስን የግሪክኛ ጽሑፍ ለንጉሡ እንዲገለብጥ የታዘዘና ግልባጩን በመጽሐፉ ውስጥ ያቆየልን በመሆኑ የአክሱምን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ይጠቅሰዋል። ብዙ ጊዜ የማይነሣው፣ ያ መጽሐፍ በዋናነት የጉዞ መጽሐፍ አለመሆኑ ነው። በ550 ገደማ የጻፈው «የክርስቲያን ምድር ሥዕላዊ መግለጫ» ምድር ክብ ናት የሚሉትን ክርስቲያኖች ለመርታት የተጻፈ ሲሆን፣ ዓለም የሙሴን ድንኳን የምትመስል ጠፍጣፋ ወለል ያላት ቤት ናት ይላል። ስሙን ባይጠራውም፣ ከሚሞግታቸው ዋነኛው የገዛ አገሩ ሰው ፊሎፖኖስ ሳይሆን እንደማይቀር የጉዳዩ ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ፊሎፖኖስም በበኩሉ ስለ ስድስቱ የፍጥረት ቀናት መጽሐፍ ጽፎ የዓለምን ክብነት ተከላከለ። በዚያው መጽሐፍ ውስጥ አንድ ደፋር ጥያቄ ጠየቀ፤ ፀሐይንና ከዋክብትን የሚያንቀሳቅሱ መላእክት ናቸው ከማለት ይልቅ፣ ወርዋሪ ለድንጋይ እንደሚያደርገው ሁሉ፣ ፈጣሪ ገና ሲፈጥራቸው አንቀሳቃሽ ኃይል አሳድሮባቸው ቢሆንስ?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ይህን የማነሣው «የኒውተን ሕግ መነሻው አክሱም ነው» ለማለት አይደለም፤ እንዲህ ያለ ማስረጃ የለም። ማለት የምፈልገው ክርክሩ በሩቅ አገር፣ በማናውቃቸው ሰዎች መካከል ብቻ የተካሄደ አለመሆኑን ነው። ፊሎፖኖስ የኬልቄዶንን ጉባኤ ካልተቀበሉት ወገን ነበር፤ የእኛም ቤተ ክርስቲያን ጉባኤውን አልተቀበለችም። ተከራካሪው ነጋዴ ደግሞ የእኛን ወደብ የረገጠ ሰው ነው። ተማሪዎቻችን ይህን ቢያውቁ የፊዚክስ መጽሐፋቸው ትንሽ በቀረባቸው ነበር።

ከሐማዳን እስከ ፓሪስ

ፊሎፖኖስ በኋላ በሥላሴ ትምህርት ላይ በጻፈው ምክንያት ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ680 እና 681 በቁስጥንጥንያ በተደረገው ጉባኤ ተወገዘ። ሥራዎቹ በግሪኮቹ ዘንድ ስማቸው ቢጎድፍም፣ በዐረብኛ ተናጋሪዎቹ ሊቃውንት ዘንድ ግን «ያሕያ አል-ነሕዊ»፣ ማለትም ሰዋስወኛው ዮሐንስ፣ የታወቀ ስም ሆነ። ከ980 እስከ 1037 የኖረው፣ ሐማዳን ላይ ያረፈው ታላቁ ሐኪምና ፈላስፋ ኢብን ሲና ይህንን ሐሳብ አንድ እርምጃ ወሰደው። በተወረወረው ነገር ላይ የሚያድረውን «መይል» ይለዋል፤ ማዘንበል፣ ዝንባሌ እንደ ማለት ነው። ፊሎፖኖስ ኃይሉ በራሱ ጊዜ ያልቃል ሲል፣ ኢብን ሲና ግን የሚጨርሰው የውጭ እንቅፋት ነው አለ። እንቅፋት በሌለበት ባዶ ስፍራ ቢሆን ኖሮ መይሉ ባላለቀ፣ እንቅስቃሴውም ባላቆመ ነበር። ግን እሱም እንደ አሪስቶትል፣ ይህ የማይታይ ነገር ስለሆነ ባዶ ስፍራ የለም ብሎ ደመደመ። በሩን ከፍቶ ደፍ ላይ ቆመ ማለት ነው።

ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ፓሪስ ላይ ዣን ቡሪዳን ተነሣ። በ1328 እና በ1340 የፓሪስ ዩኒቨርሲቲ ሬክተር የነበረ መምህር ነው። የቡሪዳን ሙግት የሚጥመው ምሳሌዎቹን ከመንገድና ከወንዝ ዳር መልቀሙ ነው። በሁለቱም ጫፍ የተሳለ ጦር ወርውር ይላል፤ ከበስተኋላው ያለውን ሹል አየር ምን ብሎ ይገፋዋል? ሹሉ አየሩን ይሰነጥቀዋል እንጂ። ወንዝ ሽቅብ የሚጎተት መርከብ ጎታቾቹ ሲያቆሙ ወዲያው አይቆምም፤ በላዩ የቆመው መርከበኛ ግን ከበስተኋላው የሚገፋው አየር አይሰማውም፤ የሚሰማው ከፊት የሚመታው ነው። ልጆች የሚያሾሩት መጫወቻና የአንጥረኛው መሳያ ድንጋይ ደግሞ ስፍራቸውን ሳይለቁ ለረጅም ጊዜ ይዞራሉ። ስፍራውን ያልለቀቀን ነገር አየር ከኋላ ሆኖ ሊገፋው እንዴት ይችላል?

ለዚህ የእኛዎቹ እናቶች ከቡሪዳን የተሻለ ምሳሌ በእጃቸው ነበረ፤ እንዝርት። ፈታይዋ በጣቷ አሹራ ትለቀዋለች፤ እሱ ግን ከእጇ ተለይቶም መሾሩን ይቀጥላል። ይህን እያየ ያደገ ሰው የአሪስቶትልን አየር ለመጠርጠር የሚያስፈልገው ማስረጃ ሁሉ በቤቱ ውስጥ ነበረለት።

ቡሪዳን በሚንቀሳቀሰው ነገር ላይ ያደረውን ነገር «ኢምፔቱስ» አለው፤ መጠኑም በነገሩ ውስጥ ባለው ቁስ ብዛትና በፍጥነቱ ልክ ነው አለ። ላባ ወርውረን የማይሄድልን፣ ድንጋይ ግን የሚሄድልን ለዚህ ነው። ዛሬ ተማሪው «ሞመንተም» ብሎ የሚያሰላው ነገር ከዚህ እምብዛም የራቀ አይደለም። ሆኖም አንድ ቋጠሮ ገና አልተፈታም። ቡሪዳንም ቢሆን የሚንቀሳቀስ ነገር እንዲንቀሳቀስ ምክንያት ያስፈልገዋል ብሎ ያምናል። ምክንያቱን ከአየሩ ወደ ድንጋዩ ውስጥ አዛወረው እንጂ አላስቀረውም።

የሽማግሌው ሰሌዳ

ጋሊሊዮ ጋሊሌይ በ1564 ፒዛ ተወለደ። በወጣትነቱ እሱም የኢምፔቱስ ሰው ነበር፤ ፊሎፖኖስንም በጽሑፉ ይጠቅሰዋል። በዘንበል ያለው ግንብ ላይ ወጥቶ ሁለት ኳሶች ለቀቀ የሚለው ዝነኛ ታሪክ የመጣው ደቀ መዝሙሩ ቪቪያኒ ከጻፈው የሕይወት ታሪኩ ሲሆን፣ ብዙ የታሪክ ሰዎች በጥርጣሬ ያዩታል። እንዲህ ያለውን ሙከራ አድርጎ ውጤቱን በ1586 ያሳተመው የኔዘርላንዱ ሲሞን ስቴቪን ነው። አንዱ ካንዱ አሥር እጥፍ የሚከብድ ሁለት የእርሳስ ኳሶች ለቅቆ በአንድ ድምፅ ሲያርፉ ሰማ።

የጋሊሊዮ እውነተኛ ሥራ ከግንቡ ይልቅ ዝቅ ያለ፣ ከግንቡ ይልቅ አድካሚ ነው። አሥራ ሁለት ክንድ ያህል ርዝመት ያለው ሳንቃ አስጠረበ፤ በመካከሉ አንድ ጣት የሚያህል ቦይ አስቆፈረ፤ ቦዩን በብራና አስለበጠ፤ ሳንቃውን በአንድ በኩል ከፍ አድርጎ ጠንካራና ልሙጥ የነሐስ ኳስ አንከባለለበት። ትክክለኛ ሰዓት ስላልነበረው ከዕቃ በቀጭኑ የሚወርድ ውሃ እያጠራቀመ፣ ውሃውን በሚዛን እየመዘነ ጊዜን ለካ። መቶ ጊዜ ያህል እየደጋገመ አገኘሁ የሚለው ነገር ይህ ነው፤ ርቀቱ የሚያድገው እንደ ጊዜው ካሬ ነው። በመጀመሪያው የጊዜ ክፍል አንድ ስንዝር ቢሄድ፣ በሁለተኛው 3፣ በሦስተኛው 5፣ በአራተኛው 7 ስንዝር ይሄዳል።

ከዚሁ ሰሌዳ ሌላ ሐሳብ ወጣ። ኳሱ አንዱን ቁልቁለት ወርዶ ፊት ለፊቱ ያለውን ዳገት ሲወጣ፣ እንቅፋት ባይኖርበት ተነሥቶበት የነበረው ከፍታ ድረስ ይደርሳል። ዳገቱን ለዘብ ብታደርገው ያንኑ ከፍታ ለማግኘት ረዘም ያለ መንገድ ይሄዳል። ይበልጥ ለዘብ ብታደርገው ይበልጥ ይሄዳል። እንግዲህ ዳገቱን ጨርሰህ ብታጠፋውና ሜዳ ብታደርገውስ? ከፍታው መቼም አይገኝምና ኳሱ መሄዱን አያቆምም። እዚህ ላይ አሪስቶትል «የማይሆን ነገር» ብሎ የጣለው ነገር ተነሣ። ሜዳ ላይ የሚንከባለል ኳስ ለምን ይሄዳል ተብሎ አይጠየቅም። የሚጠየቀው ለምን ይቆማል ተብሎ ነው። ሁለት ሺህ ዓመት የተፈለገው መልስ ያልተገኘው ጥያቄው ተገልብጦ ስለተያዘ ነበር።

ጋሊሊዮ ይህን ሁሉ አሰባስቦ ያሳተመው በ1638 ሌይደን ላይ ነው። በ1633 በሮም ተፈርዶበት በአርቼትሪ ቤቱ ውስጥ በቁም እስር ላይ ነበር፤ መጽሐፉ ሲወጣ ዓይኑ ጠፍቷል። ምድር ትዞራለች ማለቱና የኳሱ ነገር የተለያዩ ጉዳዮች ይመስላሉ፤ ግን አንድ ናቸው። ምድር የምትንቀሳቀስ ከሆነ ሽቅብ የተወረወረ ድንጋይ ለምን ወደ ኋላ አይቀርም? ይሉት ነበር ተቃዋሚዎቹ። ድንጋዩ የምድርን እንቅስቃሴ ይዞ ስለሚቀጥል፣ ነው መልሱ። በ1640 ፒየር ጋሴንዲ ማርሴይ ወደብ ላይ በፍጥነት ከምትሄድ መርከብ ምሰሶ ላይ ኳስ ቢያስለቅቅ፣ ኳሱ ወደ ኋላ ሳይቀር ምሰሶው ሥር ወደቀ።

«ስንፍና» የተባለ ሕግ

የቀረው ጥቂት ነው። ጋሊሊዮ የማይቆመውን እንቅስቃሴ ያሰበው በምድር ዙሪያ እየጎበጠ የሚሄድ አድርጎ ነበር። በ1644 ፈረንሳዊው ሬኔ ዴካርት እንቅስቃሴው በቀጥታ መስመር መሆኑን ጻፈ፤ ምሳሌ ያደረገውም ወንጭፍን ነው። የሚሽከረከረው ድንጋይ ክብ የሚሠራው ጠፍሩ ስለያዘው ብቻ ነው፤ ሲለቀቅ በቀጥታ ይፈተለካል። የእኛ የማማው ልጅ ይህን በእጁ ያውቀዋል፤ ዒላማውን የሚመታው የሚለቅበትን ቅጽበት መርጦ ነውና።

«ኢነርሺያ» የሚለውን ቃል ወደ ፊዚክስ ያስገባው ዮሐንስ ኬፕለር ነው። በላቲን ትርጉሙ ስንፍና፣ ሀኬት ማለት ነው። ኬፕለር ቁስ በተፈጥሮው ሰነፍ ስለሆነ ካልገፉት ይቆማል ለማለት ነበር የተጠቀመበት። አይዛክ ኒውተን ቃሉን ወስዶ ትርጉሙን ሰፋ አደረገው። ቁስ ለመነሣት ብቻ ሳይሆን ለመቆምም፣ ለመታጠፍም ሰነፍ ነው። ሚኒባስ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ወደ ፊት የሚወረውረን ገፊ የለም፤ ሰውነታችን ለመቆም ስለሰነፈ ነው። ኤድመንድ ሃሌይ በ1684 ካምብሪጅ ድረስ ሄዶ ጠይቆት፣ በኋላም የማሳተሚያውን ወጪ ከኪሱ ችሎለት፣ በ1687 የታተመው የኒውተን «ፕሪንኪፒያ» ይህችን ዓረፍተ ነገር አንደኛ ሕግ አድርጎ አስቀመጣት። ከሥሯ ከተሰጡት ማስረጃዎች መካከል የተወረወረ ነገርና የሚሾር መጫወቻ ይገኛሉ፤ የአሪስቶትል ራስ ምታትና የቡሪዳን መድኃኒት ጎን ለጎን ማለት ነው።

በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ ሌላም ነገር ተለየ። በ1672 ዣን ሪሼ የተባለ ፈረንሳዊ በምድር ወገብ አጠገብ ካየን ላይ ሆኖ፣ ፓሪስ ላይ በትክክል ይሠራ የነበረው የፔንዱለም ሰዓቱ በቀን ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ወደ ኋላ ሲቀርበት አየ። የፔንዱለሙን ዘንግ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ማሳጠር ነበረበት። ለካስ ክብደት እንደ አገሩ ይለያያል። የነገሩ ቁስ ግን ያው ነው። ስለዚህ ቁሱንና ክብደቱን፣ ማለትም አንዳንዶች ግዝፈት የሚሉትን «ማስ» እና ምድር የምትስብበትን ጉልበት፣ ለይቶ መጥራት ግድ ሆነ። ኒውተን ሁለቱ በአንድ ስፍራ ምን ጊዜም አብረው እንደሚሄዱ ለማረጋገጥ በእኩል ገመድ ባንጠለጠላቸው የእንጨት ሣጥኖች ውስጥ ወርቅ፣ ብር፣ እርሳስ፣ ብርጭቆ፣ አሸዋ፣ ጨው፣ እንጨት፣ ውሃና ስንዴ እየጨመረ አወዛወዘ። ወርቁም ስንዴውም እኩል ተወዛወዙ።

አሪስቶትል የማይሆን ነው ያለው ጉዞ ዛሬ በሰው እጅ ሆኗል። በ1977 የተላከችው ቮየጀር 1፣ የፀሐይ ስበት ወደ ኋላ ትንሽ በትንሽ ቢይዛትም፣ የሚገፋት ሞተር ሳይኖር በሴኮንድ 17 ኪሎ ሜትር ያህል እየከነፈች ነው።

ፈረሱ ሲቆም

ይህን ሁሉ መተረክ ለምን አስፈለገ? የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ የሆነ ነገር ልንገራችሁ። ትምህርት ቤቱንም መምህሩንም መጥራት አያስፈልግም። ከተማው ጋሪ የሚበዛበት ነበር፤ አንዱ የክፍል ጓደኛችንም የጋሪ ነጂ ልጅ ነው። ሕጉ ሰሌዳ ላይ እንደ ተጻፈ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ፈረሱ ሲቆም ጋሪው ይቆማል እኮ!» አለ። መምህሩም «አንተ ነህ ኒውተንን የምታርመው?» አሉት። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ያ ልጅ በዚያ ዓመት ሁለተኛ እጁን ሲያወጣ አላየሁም።

ልጁ የጠየቀው የአሪስቶትልን ጥያቄ ነው። መልሱም አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች፤ «ጋሪውን የሚያቆመው የመንኮራኩሩና የመንገዱ ፍትጊያ ነው፤ ፍትጊያ ባይኖር ምን ይሆን ነበር?» ቢባል ኖሮ፣ ሁለት ሺህ ዓመት የፈጀውን መንገድ በአንድ ክፍለ ጊዜ ይሄድ ነበር። የተሰጠው መልስ ግን ዓይንህ ይዋሻል፣ መጽሐፉን እመን የሚል ነው። ሳይንስ ደግሞ የቆመው በዚህ ተቃራኒ ላይ ነው።

ይህ የእኛ ጉድ ብቻ አይደለም። በ1982 ጆን ክሌመንት የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ባሳተመው ጥናት፣ የምሕንድስና ተማሪዎች ወደ ላይ የተወረወረ ሳንቲም ገና በመውጣት ላይ ሳለ ምን ምን ጉልበት እንዳረፈበት ተጠየቁ። አየሩን ከተውነው ያለው ክብደቱ ብቻ ነው፤ እሱም ወደ ታች ነው። አብዛኞቹ ግን ወደ ላይ የሚገፋ «የእጅ ጉልበት» ሣሉበት፤ ፊዚክሱን ከተማሩ በኋላም ብዙዎቹ ያንኑ ደገሙ። እነዚህ ወጣቶች ፊሎፖኖስንና ቡሪዳንን አላነበቡም። የሰው ልጅ ዓይን ግን በእስክንድርያም በፓሪስም በአሜሪካም አንድ ነው።

በእኛ ዘንድ በዚህ ላይ የቃል ችግር ይጨመራል። «ኃይል» የሚለው ቃላችን የጦር ሠራዊትንም፣ ኤሌክትሪክንም፣ የጡንቻ ብርታትንም ይሸከማል። «ጉልበት» ብለን ገፊውን እንጠራበታለን፤ ዞር ብለን ደግሞ የሞተርን አቅም «የፈረስ ጉልበት» እንለካለን፤ ፊዚክስ ግን እነዚህን እንደ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነው የሚያያቸው። «ሥራ» ስንል ድካም ማለታችን ነው፤ ኩንታል ተሸክሞ ቆሞ የዋለን ሰው ፊዚክስ ሥራ አልሠራህም ይለዋል። ገበያ ላይ ክብደት ብለን በኪሎ የምንለካውም ቁሱን ነው። የተማሪው ራስ ውስጥ የቤቱ ቃልና የክፍሉ የእንግሊዝኛ ቃል ሳይተዋወቁ ይኖራሉ፤ አንዱ ለኑሮ፣ አንዱ ለፈተና። ሊያስተዋውቃቸው የሚችለው ደግሞ ቃላቱ በምን ክርክር፣ በማን አፍ፣ ለምን እንደ ተለያዩ የሚናገረው ታሪካቸው ነው።

መምህራን ጊዜ የለንም ይሉ ይሆናል፤ የክፍሉን ብዛትና የፈተናውን ጥድፊያ ለሚያውቅ ሰው ሐሰት አይደለም። ሆኖም የሚያስፈልገው አንድ እንዝርት፣ አንድ ወንጭፍና አንድ «ለምን ቆመ?» የሚል ጥያቄ ነው። ሕጉ በመጨረሻ ይጻፍ፤ በመጀመሪያ ተማሪው እንደ አሪስቶትል ይመልስ፣ ጎረቤቱ እንደ ፊሎፖኖስ ይሞግተው፣ ሌላው እንደ ቡሪዳን ምሳሌ ያምጣ። አንዱም ስለ መልሱ አይሳቅበት፤ የተናገረው በየዘመኑ የነበሩ ታላላቅ ሊቃውንት የተናገሩትን ነውና። ከዚያ በኋላ ሰሌዳው ላይ የምትጻፈው የሁለት መስመር ዓረፍተ ነገር ከባሕር ማዶ የመጣች ትእዛዝ መሆኗ ቀርቶ፣ እሱም የተካፈለበት ክርክር ፍርድ ትሆናለች።